የመንገደኛ ሳህን

ሞጣ ውስጥ የምዕራብ አፍሪካ ምግብ የሚሠራ ቤት አለ ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። የነገረችኝ ከጅማ ተመድባ እዚያ የምትሠራ ነርስ ናት። እኔ የምሠራው ቢቸና፣ መድኃኒት ቤት ነው፤ ለሥልጠና ተጠርቼ ሞጣ በሰነበትሁበት ሳምንት ምሳ አብረን እንበላ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እኔ ጿሚ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኘን ሽሮ ብቻ ሆኖ ሽሮው ሁለታችንንም አሰልችቶናል።

«ዛሬ ሩዝ ቤት እንሂድ፤ ሥጋ አይገባበትም» አለችኝ። የሞጣ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ከገበያው ጀርባ፣ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ከተደረደሩበት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል ጥቂት ጠረጴዛዎች ይዞ ሞልቷል፤ አንዱ ሰው ለመውጣት ሲነሳ ሌላው ወንበሩን መሳብ አለበት። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል። ውጭ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ከዝናቡ ጋር ፊት ይገርፋል፤ በሩን ገፍተን ስንገባ ግን ሙቀቱ መነጽሬን ጭጋግ አለበሰው። ከመጋረጃው ጀርባ ድስት ሲንተከተክ ይሰማል። አስተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከገበያው የመጡ ነጋዴዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበላሉ፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የለም። ደስ የሚል ቤት ነው። ቁጭ ብዬ እጄን ሳሟሙቅ ሽታው መጣ፤ ተቆልቶ የተወቀጠ ለውዝ ከቃሪያና ከዝንጅብል ጋር ሲበስል የሚሸተው ሽታ።

ያን ሽታ ከአባቴ እጅ በቀር የትም አሽትቼው አላውቅም። አባቴ ደግሞ ሞቷል።

አባቴ ወታደር ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ለሰላም ማስከበር ወደ ላይቤሪያ ሄደ። ሲመለስ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ሬዲዮና ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ የብረት ሳህን ይዞ መጣ። ድሮም ወሬ የሚያበዛ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው በሳሉ ሆነ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲጠነክር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ማጀት ይገባል። ቢቸና ውስጥ ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ማለት ለጎረቤት ሰንበት የሚያሻግር ወሬ ነው። እናቴን ውጪልኝ ይላታል። ለውዙን ይቆላል፣ ይወቅጣል፣ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር ያንተከትከዋል፣ ጎመን ይጨምርበታል፣ ሩዙን ለብቻ ይቀቅላል። ለእኛም ያቀርብልናል። እኔ እበላ ነበር፤ እናቴ ግን አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም። ከሁላችን በፊት በዚያ በብረት ሳህን ያወጣና ክዳን ደፍቶበት ደጃፉ ላይ፣ ከጣራው ጠፈጠፍ ፈንጠር አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሲነጋ ሳህኑ ባዶ ነው። ውሻ ይሁን ድመት፣ ያየ የለም።

የማን ነው ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የመንገደኛ ነው» ይላል።

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ናት። አያቴ ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር፣ እሷ ራሷ ባትማርም፣ ተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ እየሰማች ነው ያደገችው። በእሷ ዘንድ ቃል ሁሉ ሰምና ወርቅ አለው። ባሏ «መንገደኛ» ሲላት ሰሙን ትታ ወርቁን ፈለገች፣ አገኘችውም፤ መንገድ ላይ የተገኘች ሴት። በሰው አገር የቀረች፣ ምናልባትም የወለደችለት፣ በዓመት አንድ ቀን ምግቧን ሠርቶ የሚያስታውሳት ሴት። ይህን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለእሱ ግን አንድም ቀን አላነሳችበትም። ጎረቤት ደግሞ ከባሕር ማዶ የተከተለው ነገር አለ፣ ለዛር ነው የሚያስቀምጠው ይል ነበር። ጠበል ውሰጂው ብለው የመከሯትም ነበሩ። እሱ እሺ ብሎ ሄዶ ተጠመቀ፤ በሚቀጥለው ክረምት ለውዙን ቆላ።

በጉበት በሽታ ታሞ ከሞተ በኋላ፣ በመጀመሪያው ክረምት፣ እናቴ ደጃፉ ላይ ሳህን ሲቀመጥ እሰማለሁ ማለት ጀመረች። ብረት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማ ድምፅ ነው አለች። ሳህኑን እኔ ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወጥተን ስናይ ከዝናብ በቀር ምንም የለም። እኔ ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብዬ ነበር። በዓመቱም፣ ከዚያም በኋላ ክረምት በገባ ቁጥር ሰማችው። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «እሷ መጥታ ይሆናል» አለችኝ። «መሞቱን አልሰማች ይሆናል።»

እንግዲህ ሞጣ፣ ሩዝ ቤት ውስጥ፣ ያ ምግብ ፊቴ ቀረበ። ያው ነው። ቃሪያው እንኳ ሳይቆረጥ ሙሉውን ከላይ ተንሳፍፏል፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ነርሷ ምነው አልበላ አልሽ አለችኝ። አንድ ጉርሻ ያህል ቀመስሁና ማንኪያዬን አስቀምጬ የቤቱን ባለቤት ማነጋገር እፈልጋለሁ አልኋት።

ከመጋረጃው ጀርባ የወጡት ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ከሱሪያቸው በላይ የማብሰያ ሽርጥ አገልድመዋል፣ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። የሞጣ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ መሆናቸውን፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ ሱቅ ሲይዙ እሳቸው ብቻ ወታደር ቤት መግባታቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። ምግቡን የት ተማሩት ስላቸው ላይቤሪያ አሉኝ። አባቴም እዚያ ነበር አልሁ። ከየት ነሽ አሉኝ፤ ቢቸና አልኋቸው። የአባቴን ስም ስነግራቸው በእጃቸው የያዙትን ጭልፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«መቼ አረፈ?» አሉኝ።

መሞቱን ግን አልነገርኋቸውም ነበር። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው፣ እሱ በሕይወት ቢኖር አንቺን እዚህ ቤት አያስመጣሽም አሉ። ከቢቸና ሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አብረው ከተመለሱ በኋላ ግን ተያይተው አያውቁም። ተጣልታችሁ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ከወንድሜ ይልቅ እሱን እወደዋለሁ» አሉ። «ግን ሁለት ሆነን መቀመጥ አንችልም፣ ልጄ። በተቀመጥን ቁጥር ሦስት ነን።»

ሦስተኛው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እናትሽ አለች ወይ አሉኝ፤ አለች ስላቸው ሁለት ጊዜ ልናገረው አልችልም፣ ይዘሻት ነይ ብለው ተነሱ። የምሳ ሰዓት ነበርና ሰው ይጠብቃቸዋል።

ቢቸና ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት ተነስታ ወደ ማጀት ገባች። ሳምንት አለፈ፣ ጾሙ ተፈታ፣ እኔም እንደማትፈልግ ቆጥሬ ተውሁት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቃ ለብሳ በር ላይ አገኘኋት። ሚኒባሱ ከደብረ ወርቅ አልፎ በጉንደ ወይን በኩል ወሰደን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናው ያዘማል፤ እሷ የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት ብቻ ታያለች። ሞጣ ልንገባ ስንል፣ «ሰውየው የዚያችን ሴት ፎቶ አሳይሻለሁ ካለኝ አልፈልግም፤ ቀድመሽ ንገሪው» አለችኝ።

ሰውየው የምሳ ሰው እስኪወጣ ጠበቁን። ከዚያ ሦስት ሳህን አቀረቡ። እናቴ አልነካችውም። እሳቸውም ብሉ ብለው አልለመኑም፤ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ላይቤሪያ ውስጥ የጦር ሰፈራቸው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ነበር፤ ከኋላው ጫካ፣ ከፊቱ መንገድ። ዝናቡ አያባራም። እሳቸው ሙስሊም፣ አባቴ ክርስቲያን ነው፤ ሥጋ በተሠራ ቁጥር ተለያይተው ይበላሉ። ከሰፈሩ በር ማዶ ግን አንዲት ሴት ቆርቆሮ በለበሰ ዳስ ውስጥ ሩዝና የለውዝ ወጥ ትሸጥ ነበር። ወጡ በቀይ የዘንባባ ዘይት የተሠራ ነው፤ እኛ አገር የሚረጋ ዘይት እያልን የምንንቀው የዚያው ዘር ነው፣ ቀለሙን አጥበው ነው የሚልኩልን አሉ። ሥጋ ስለሌለበት ሁለቱ ከአንድ ሳህን መብላት የጀመሩት እዚያ ነው። እሳቸውም ቤታቸው ሥጋ የማያስገቡት ለዚህ ነው።

የሴትየዋን ባል በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች ዕቃ አሸክመው ወስደውታል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሰማ የለም። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ፣ ዳሷን ከመዝጋቷ በፊት፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ሳህን ሩዝና ወጥ አውጥታ ትከድንና ውጭ አግዳሚው ላይ ትታው ትሄዳለች። ጠዋት መጥታ ውሻ የበተነውን ትጠርጋለች። አባቴ በሚችላት እንግሊዝኛ ለማን ነው ብሎ ጠይቋት ነበር። መንገደኛ አይጠፋም አለችው።

አንድ አመሻሽ ጥበቃው የሁለቱ ሆነ። ዝናብ ነው። ከጫካው በኩል አንድ ሰው መጣ፤ ባዶ እግሩን ነው፣ ላስቲክ ተከናንቧል፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። በሩ አጠገብ ደርሶ ቆመና በማያውቁት ቋንቋ አንዲት ቃል ደጋገመ፤ እጁን ወደ ዳሱ ይዘረጋል። ዳሱ ተዘግቷል። ሲመሽ በሰፈሩ በር አካባቢ ሰው እንዳይቆም ትእዛዝ አለ። አባቴ መሣሪያ አላነሳበትም፤ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እጁን አወናጨፈበት እንጂ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ አየውና ዞረ። ዳሱ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አዩት፤ ከዚያ ወንዝ ወንዙን በሚወስደው መንገድ ሄደ።

ሲነጋ ሴትየዋ እየሮጠች መጣች። ሳህኑ ባዶ ብቻ አልነበረም፤ ታጥቦ አግዳሚው ላይ ተደፍቷል። ባሌ ነው አለች፤ በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን አጥቦ የሚደፋ እሱ ነው። አይታችሁታል ወይ፣ በየት ሄደ ብላ ጠየቀቻቸው።

እዚህ ላይ የሩዝ ቤቱ ሰው ወደ እናቴ ዞሩ።

«አፌን ልከፍት ስል ባለቤትዎ ክንዴን ያዘኝ። አላየንም አላት። አባረርነው ለማለት አፍሮ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። እኔም ዝም አልሁ።»

ሴትየዋ ድስቷን እንኳ ሳታወርድ በዚያው ጠዋት ሄደች። የሄደችው በዋናው መንገድ፣ የባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ከተማ ነው። ባሏ ግን የሄደው በወንዙ በኩል ነው። ሁለቱ መንገዶች ደግሞ አይገናኙም። ትመለሳለች ብለው ጠበቋት፣ አልተመለሰችም። ይገናኙ ይሆናል፣ አይገናኙም ይሆናል፤ ሊነግራቸው የሚችል ሰው አልነበረም። ዳሱ ክፍት ሲቀር በእሷ ድስት የእሷን ምግብ ሁለቱ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ፤ አመሻሽ ላይም ሳህኑን አግዳሚው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ወደ አገር ሲመለሱ ድስቱን እሳቸው ያዙ፣ ሳህኑን አባቴ። ያቺን ቃል፣ ሰውየው በሩ ላይ ሲደጋግማት የነበረችውን፣ ያስታውሷታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አስታውሳታለሁ አሉ፤ ትርጉሟን ግን ማንንም ጠይቀው አያውቁም። ቃሏን እንዲሉልኝ ጠብቄ ነበር፣ አላሏትም።

ዝናቡ በርትቶ ቤቱ ጨለም አለ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቷ ወደ አንድ ቦታ ስትሰበስብ ቆየች።

«ሴትየዋ ቆንጆ ነበረች?» አለች በመጨረሻ።

ሰውየው ጥያቄውን የጠበቁት አይመስልም። «ቆንጆ ነበረች» አሉ። «ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ባለቤትዎ ስለ እሷ አንስቶ አያውቅም። የሚያነሳው ሰውየውን ነበር። እግሩን ነበር የሚያነሳው፤ ጫማ አልነበረውም እያለ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «መንገደኛ ሲለኝ መንገደኛ ማለቱ ነበር» አለች። «ወርቅ የለውም ነበር። እኔ ነኝ ወርቅ ያበጀሁለት።»

ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ወጡ ቀዝቅዞ ከላይ ረግቷል፤ ሰውየው ላሙቀው ብለው ሲነሱ እጇን ዘርግታ አስቀመጠቻቸው። እንዳለ በላችው። ባሏ ሲሠራው አንዴ እንኳ ያልቀመሰችውን ምግብ በሰው ቤት፣ ቀዝቃዛውን፣ ቀስ እያለች ጨረሰችው። ስትጨርስ ጨው ያንሰዋል አለች። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ አባቴም ሁልጊዜ የሚጨቃጨቃቸው በጨው ነበር።

ስንመለስ ግን አልቀለላትም። እኔ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ያስለቀሳት ሴትየዋ አይደለችም፣ ሰውየውም አይደለም። «ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት» አለችኝ። «አብሬው ሳህኑን አወጣ ነበር። ዝናብ ላይ ብቻውን ከሚቆም።» እኔም ልጅ ሳለሁ አጠገቡ ተቀምጬ ያን ሩዝ ስበላ፣ እሱ ዓይኑን ከደጃፉ እንደማይነቅል ትዝ አለኝ። ያኔ ዝናቡን የሚያይ ነበር የሚመስለኝ።

እናቴ ድምፁን መስማት አላቆመችም። የምትሰማው ሰው ነው የተለወጠው። ድሮ ሴት ነበረች፣ ባሏን ልትጠይቅ የመጣች። አሁን ባዶ እግሩን የሆነ ሰው ነው፤ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ ግባ ካላሉት አይገባም። ይህን የምትነግረኝ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ ሰው ሆና፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሥራ ስመለስ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ብርዱ ቤቱን ሞልቶት፣ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣ አገኛታለሁ። አመሻሽ ላይ እኔም ውጭ ኮቴ የሰማሁ ሲመስለኝ ድሮ እንደማደርገው ውሻ ነው ብዬ አልተወውም። ተነስቼ አያለሁ።

ዘንድሮ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። ሞጣ ያሉት ሰውዬ በየሳምንቱ አርብ ከሶላት ሲመለሱ ይደውሉላት ነበር፤ ኔትወርክ ሲኖር። የሚነጋገሩት ስለ ዝናብ፣ ስለ ለውዝ መወደድ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው። መንገዱ ሲከፈት እናቴ ራሷ ሞጣ እንሂድ አለችኝ።

የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ሩዝ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ለፈተና እርማት የመጡ አስተማሪዎች ጠረጴዛዎቹን አገጣጥመው ይዘዋቸዋል። የምንቀመጥበት ስለጠፋ ሰውየው ወደ ማብሰያው አስገቡን። ጠባብ ናት፣ ምድጃው ፊት ያቃጥላል፣ ጣራው በጢስ ጠቁሯል። እናቴ ማንም ሳይጠይቃት በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የቆስጣውን ዘለላ አንስታ ትቀነጥስ ጀመር። እሳቸው ድስቱን ያማስላሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ጥቂት ነው የተነጋገሩት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ እበላ ነበር። ትኩስ ነው፣ ቅመሙ የበረታ ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል።

መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተገልጧል፤ ከዚያ በኩል የመንገዱ በር ይታያል። በሩ ሲጢጥ ሲል ሁለቱም እኩል ቀና ይላሉ። የገባው አስተማሪ ሲሆን መልሰው ያጎነብሳሉ። እንደገና ሲጢጥ ሲል እንደገና። አንዳቸውም ሌላው ቀና ማለቱን ያየ አይመስልም፤ እኔ ግን አየሁት፣ አይቼም መብላቴን ተውሁ። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተ፣ የገባ ሰው ግን የለም። ብርዱ ብቻ እስከ ምድጃው ድረስ መጣ። ሰውየው ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። እናቴ ቆስጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ወደ በሩ እያየች፣ «ይግቡ» አለች፤ «ቦታ አይጠፋም።»